ቀይ የተሰመረበት ብሎን

የጤና ጣቢያውን ላንድሮቨር የፊት መብራት ክፈፍ የያዙት ሦስት ትንንሽ ብሎኖች ደምለውን አላስቸገሩትም፤ ግራሶ ተቀብተዋል። ይህንኑ መብራት ከሁለት ሳምንት በፊት ሞጣ ላይ የቀየረው የዚያው ከተማ መካኒክ ውበቴ ነው። ዛሬ መብራቱን ጠጠር ስለሰበረው መኪናው ቢቸና፣ መካኒኩ ደምለው ጋ መጣ። «ደህና ሠርቷል» ለማለት አፉ እሺ አላለውም።

የተሰነጠቀውን መብራት ስቦ አወጣና ከኋላው ሽቦውን ነቀለ። ያኔ ነው ያየው። የመብራቱን አቅጣጫ የሚያስተካክሉት ሁለት ረጃጅም ብሎኖች አናት ላይ ቀይ መስመር ተሰምሯል፤ መስመሩ ከብሎኑ አልፎ ቆርቆሮው ላይ ይዘልቃል። በጥፍሩ ፋቀው። የጥፍር ቀለም ነው።

ቀለሙን ያውቀዋል። ለጥምቀት ደብረ ማርቆስ ድረስ ሄዶ ለሚስቱ ለስሜነሽ የገዛላት ነው። ስሜነሽ የሞጣ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ናት፤ ቤቷ የምትመጣው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው። ባለፈው ስትመጣ ጥፍሯ ባዶ ነበር። «አለቀ» አለችው። ሙሉ ብልቃጥ፣ በሁለት ወር!

«ጋሼ ይርሳው፣ ውበቴ ይህን ሲሠራ ማን ነበር አብሮት?» አለ ቀና ሳይል።

ሹፌሩ ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር መለሰ። «እኔና ሚስትህ ነበርን፤ ክትባት ይዘን ልንወጣ ስንል። መብራቱን የያዘችለት እሷ ናት። ውበቴ መቼም ጨዋታ ያውቃል!»

ደምለው ካቻቢቴውን በአንዱ ብሎን ላይ ደገነና አዞረው። አንዴ፣ ሁለቴ። ቀዩ መስመር ተሰበረ። አሁን አዲሱ መብራት ሲገባ መንገዱን ትቶ ገደል ገደሉን ያያል። የጠየቀ ቢኖር፣ «እኔ መብራቱን ብቻ ነው የቀየርኩት፤ ልኩ የውበቴ ነው» ይላል። ጨዋታ አዋቂው ይሳቅበት!

«ምን እያለ ነበር የሚያጫውታት?»

«ኧረ እሷ ናት መሳቂያ ያደረገችው! ሊፈታ ሲል እጁን ያዝ አደረገችና…»

«እጁን?»

«ስማ እንጂ! ‹ባለቤቴ ምልክት ሳያደርግ አንዲት ብሎን አይፈታም፤ አንተ ምን ዓይነት መካኒክ ነህ?› አለችው። ጠመኔ ቢፈለግ ጠፋ። ከቦርሳዋ ያችን ቀለም አውጥታ፣ የቀረችውን ጠራርጋ ቀባችለት። ውበቴ ‹የደምለው ተማሪ ሆንኩ› ሲል ዋለ። በል ቶሎ በል፤ ነገ እሷን ይዤ ከጉንደ ወይን ስመለስ መምሸቱ አይቀርም።»

የደምለው ጆሮ ጋለ። ኪሱ ውስጥ ያለችው የራሱ ጠመኔ ጭኑን ወጋችው። ጎንበስ ብሎ ብሎኑን መለሰው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ በጣም በቀስታ፣ ቀዩ ከቀዩ እስኪገጥም። አዲሱን መብራት አስገብቶ ክፈፉን አሰረ። በእጅጌው ወለወለው። አሁንም ወለወለው።

«ጋሼ ይርሳው…»

«አቤት።»

«እጁን የያዘችው… ብዙ ቆየች?»