«ዝቅተኛ» ሲባል

እኛ ቤት የላብራቶሪ ውጤት ላይ «ዝቅተኛ» ካለ ይጨበጨባል። አባዬ ስኳርም ኮሌስትሮልም ስላለበት፣ ቁጥሩ በወረደ ቁጥር እማዬ «ተመስገን!» ትላለች፤ እሱ ደግሞ ፈታ ብሎ «በቃ አንድ ኬክ ፍቀዱልኝ» ይላል። አንባቢዋ እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ እችል ስለነበር የቤቱ ሐኪም አድርገው ሾሙኝ። እኔም ሹመቱን ወደድኩት፣ ምን ልዋሽ።

ታላቅ እህቴ ጸጉር ሰሪ ናት። በሽታዋ ደግሞ ግራ ያጋባል፤ ከበሽታ ሊጠብቃት የሚገባው የሰውነቷ መከላከያ ዞሮ እሷኑ ይደበድባታል። ለሱ የምትውጠው ኪኒን ፊቷን እንደ ኳስ ነፋባት። ደንበኞቿ «ተመችቶሻል!» እያሉ ያበሽቋታል።

ባለፈው ሳምንት የደም ምርመራዋ ውጤት በስልኳ መጣ። እሷ ካውያ ይዛ አንዷን እየሠራች ነበር።

«ሚጢ፣ እጄ ተይዟል፤ አንቢልኝ እስቲ።»

«ሲ ስሪ ዝቅተኛ፣ ሲ ፎር ዝቅተኛ። እንኳን ደስ አለሽ!»

«ሙች በይ!»

«እሙት! ተገላገልሽ እኮ!»

ካውያውን ጥላ አቀፈችኝ። በዚያው ኪኒኑን አቆመች፤ ቀጠሮዋንም «ከዳንኩ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» ብላ ቀረች።

ዛሬ ጠዋት ጫማዋ አልገባ አላት። እግሯ አብጦ፣ በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ ይቀራል። እየጎተትኩ ሐኪሟ ጋ ወሰድኳት።

ዶክተሯ ውጤቱን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። «ይሄ ከመጣ ሳምንት አልፎታል! ለምን ቀረሽ?»

«ዝቅ ብሏል ብዬ…»

«ይሄ ስኳር አይደለም፣ የኔ እህት። እነዚህ በሽታ የሚዋጉልሽ ፕሮቲኖች ናቸው። የቀነሱት ሰውነትሽ ራሱን ሲዋጋ እየጨረሳቸው ስለሆነ ነው። ኩላሊትሽን ነክቶት እንዳይሆን እፈራለሁ። ኪኒኑን ትወስጃለሽ አይደል?»

«አቁሜዋለሁ» አለች እህቴ።

«ማነው አቁሚ ያለሽ?»

ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። «ማንም። ፊቴ ሲነፋ ጊዜ ሰለቸኝ፤ በራሴ አቆምኩት።»

ዶክተሯ ልክ ልኳን ነገረቻት። እንዲህ ያለ መድኃኒት በአንዴ አይቆምም፣ ትልቅ ሰው አይደለሽም ወይ፣ ምኑ ቅጡ። እህቴ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። እኔ ቦርሳዋን ታቅፌ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ለኔ የሚገባውን ቁጣ እሷ እየተቀበለችልኝ! ምናለ በጣቷ ብትጠቁመኝ፣ ምናለ ብትሰድበኝ፤ ይቀለኝ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ ነኝ ጥሩ ነው ያልኳት። አባዬ ሲወርድለት ደስ ስለሚለን… እንደዛ መሰለኝ።»

እህቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። «አንቺ ዝም በይ!»

ዶክተሯ አልተቆጣችኝም። እሱ ባሰብኝ። «ኩላሊቷስ?» ስላት፣ «ሽንቷን እንየው፤ ዛሬ ግን ወደ ቤት አትሄድም» አለችኝ።

እህቴ ከመጸዳጃ ቤት ስትወጣ የሽንቷን ብልቃጥ በሶፍት ጠቅልላ ይዛለች። ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ፤ ላዩ ላይ ወፍራም አረፋ ተኝቷል።

«ሚጢዬ፣ ይሄ ደህና ነው?»

አሁንም እኔኑ! ዓይኗ «ደህና ነው» በይኝ ይላል። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«አላውቅም» አልኳት። ብልቃጡን ተቀብያት፣ በሌላ እጄ እጇን ይዤ ወደ ላብራቶሪው መስኮት ሄድን።