የእማዋይሽ አልጋ

ቁሐር ሚካኤል ላይ ማረውን የሚያማ ሰው ቢኖር እህሉን ያልቀመሰ ብቻ ነው፤ እህሉን ያልቀመሰ ደግሞ አልነበረም። ቤቱ ከወረታ ወደ ሐሙሲት በሚወስደው መንገድ ዳር ስለሆነ፣ ክረምት ውሃው ሜዳውን ሲውጠው መንገደኛው ሁሉ የሚቆመው እሱ ደጅ ነው። «የመሸበት ነኝ» ላለ ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ «ቤት የእግዜር ነው፤ ግባ» ይባላል። እግሩን ይታጠባል፣ ያለውን ይቀምሳል፣ መደቡ ላይ የእንግዳው አጎዛ ይነጠፍለታል። ያን አጎዛ ከቤተሰቡ ማንም አይተኛበትም፤ ሚስቱ እማዋይሽ አራግፋ፣ ጠቅልላ፣ ለሚመጣው ሰው ታስቀምጠዋለች። ለማደሪያ ገንዘብ የሚከፈልበት አገር አለ ሲሉት ማረው ይስቅ ነበር። «ሌሊቱን ደግሞ ማን ዘርቶ አጨደው?» ይላል።

ሰው የሳቀበት ነገር ግን አድራሻውን አይስትም። እማዋይሽ የመጨረሻ ልጇን ወልዳ ከቀበረች ወዲህ ደሙ አላቆመላትም። መጀመሪያ ደበቀች። ከዚያ ለእህቷ ለገላነሽ ነገረች፤ ገላነሽ ለማረው ነገረችው። ጠበል ተጠመቀች፤ መሪጌታ ወልደ ሥላሴም እቤት ድረስ እየመጡ ጸሎት ደገሙላት፣ ሥር ቀቅለው አጠጧት። ቀለሟ ግን ከቀን ወደ ቀን እየሸሸ ሄደ። ወረታ ያለው ድሬሰር ፊቷን አይቶ፣ የቀረውን ከባሏ አፍ ሰምቶ፣ አዲስ አበባ ትልቁ ሆስፒታል ካልገባች ገናን አታይም አለ። ማረው ከጥማዱ አንዱን በሬ ሸጠ። ሲሸጠው አላሳዘነውም። እማዋይሽ ከሌለች የሚታረሰው ለማን ነው?

እንግዲህ ሰው ጉድ ነው፤ ከሕመሟ ይልቅ ያከራከረው ማደሪያዋ ሆነ። አዲስ አበባ የት ያርፋሉ? መሪጌታ ከቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም የተሻለ ማረፊያ የለም አሉ። ገላነሽ በበኩሏ፣ አያልነህ የሚባል የቁሐር ልጅ ድሮ ወታደር ሆኖ ወደዚያ መሄዱን አስታወሰች። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል፤ ከተማው ሲደርሱ አያልነህ ብለው ቢጠይቁ የሚያሳያቸው አይጠፋም የሚል ነበር ሐሳቧ። ይህን የሰማው የወረታው ጨው ነጋዴ መንግሥቴ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሱ አዲስ አበባን አይቷል፤ ማየቱንም ለሰው ሳይነግር ውሎ አያውቅም።

«ስማኝ አያ ማረው» አለው፣ ጨዉን መመዘኑን ትቶ። «እዚያ አሳድሩኝ አይባልም። ‹አልጋ አለ ወይ?› ነው የሚባል። አለ ካሉህ አልጋ ትይዛለህ፤ ሆቴል ማለት እሱ ነው። አልጋ ያልያዘን ሰው ታዲስ አበባ ማንም ሰው ብሎ አያየው።»

ማረው ይህን ነገር ዳዊት እንደሚደግም ተማሪ በቃሉ ያዘው። ዳዊቱንም ቢሆን በልጅነቱ ደግሟል፤ ፊደል አይቸግረውም። እማዋይሽ ግን ፊቷ ጠቆረ። እሷ የወደደችው የመሪጌታን ምክር ነበር። በዚህ ሕመሟ ስንቱ የተኛበት ላይ መውጣት፣ ያውም መሸታ ይሸጥበታል በሚባል ቤት፣ ነውር ሆኖ ታያት። ማረው አልሰማትም። በሬ የሸጠው በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ሊያስተኛት እንዳልሆነ ነግሯት ነገሩን ዘጋው። መውደዱ ነበር፤ የሰው መውደድም አንዳንዴ እንዲህ ግትር ነው።

አውቶቡሱ ከወረታ አንሥቶ በሐሙሲት፣ በባሕር ዳር፣ ያን የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ አዲስ አበባ አደረሳቸው። መንገዱ እማዋይሽን ጨረሳት። ማረው ጊዜ ሳያጠፋ ደግፎ በቀጥታ ሆስፒታሉ ወሰዳት።

በመቀበያው መስኮት ውስጥ የተቀመጠው ጸሐፊ ምን እንደሚያማት ጠየቀ። ማረው ዓይኑን ሰብሮ «የሴት ሕመም ነው» አለ። ጸሐፊው ገባው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከኋላቸው የተሰለፈው ሕዝብ ግን ግቢውን ሞልቶት ነበር።

«መጀመሪያ አልጋ ይያዝላት» አለ። «አልጋ ሳይያዝ ሐኪም አያያትም። በዚያ በኩል ሂዱ።» በያዘው እርሳስ ወደ ቀኝ ጠቆመና የሚቀጥለውን ሰው ጠራ።

በስተቀኝ ሌላ መስኮት ነበረ። ከመስኮቱ አልፎ ትልቁ በር፣ ከበሩ ማዶ ጎዳናው አለ። ከጎዳናው ማዶ ደግሞ በቀይ ቀለም «አልጋ አለ» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። ማረው መስኮቱን አላየውም። ያየው ጽሑፉን ነው። መንግሥቴ ያለው ሁሉ ልክ ሆኖ ስላገኘው ደስ አለው፤ ከቁሐር የመጣ ገበሬ የከተማን ቋንቋ አንድ ጊዜ ሰምቶ ሲረዳ ደስ ቢለው ይፈረድበታል? በእሱ አገር ታማሚ ተሸክሞ የሚዞር የለም። መድኃኒተኛው ነው ወደተኛችበት የሚመጣው፤ መሪጌታም እንዲሁ ነበር የሚመጡት። ስለዚህ የቀረው ሐኪም የማያፍርበት አልጋ መምረጥ ብቻ ነው።

መረጠም። እማዋይሽን ከሆስፒታሉ አጥር ሥር አስቀምጦ ሆቴል ለሆቴል ዞረ። «አልጋ አለ» የሚለው ቤት ገብቶ ሙዚቃውንና ሰካራሙን አየና ሐኪም እዚህ አይገባም ብሎ ወጣ። ቀጥሎ ያለው ርካሽ ነበር፤ አልጋዎቹ ግን ባንድ ክፍል ተደርድረዋል። ሐኪም በሰው ፊት ሴት እንዴት ያያል? ሌላው ቤት ሽንት ሸተተው። ዳገቱን ወጥቶ የወይዘሮ ድንቅነሽ ቤት ሲደርስ ግን ልቡ አረፈ። ድንቅነሽ የፋርጣ ሰው ናት፤ ገና አፉን ሲከፍት ያገሯን ሰው ለየችው። ያሳየችው ክፍል ለብቻው ነው፣ ግድግዳው ኖራ የተቀባ፣ አልጋው የብረት፣ አንሶላው እንደ ቄስ ጥምጣም የነጣ። ማረው በሬ እንደሚገዛ ሰው አልጋውን ዙሪያውን ዞረው፤ ፍራሹን ተጫነው፤ ጎንበስ ብሎ ሥሩን አየ። ከሁሉም ውድ የነበረው እሱ ነው። ያዘው።

እማዋይሽን አምጥቶ ካስገባ በኋላ ወደ ሆስፒታሉ ተመልሶ ለበሩ ዘበኛ አልጋ መያዛቸውን ነገረው። የማን ቤት እንዳረፉም ሊነግረው ጀምሮ ነበር። ዘበኛው የሚገባውን መኪና እያየ «አልጋ ከተያዘማ ምን ቀራችሁ፤ ሐኪሙን መጠበቅ ነው» አለው። ማረው እጅ ነሥቶ ተመለሰ።

እማዋይሽን ያገኛት መሬት ላይ ነው። ጋቢዋን አንጥፋ ከአልጋው ሥር ጋደም ብላለች።

«አልጋው ላይ ውጭ እንጅ እማዋይ፣ ለማን ተያዘና?»

«አንተ፣ ይሄን የመሰለ ጨርቅ በደም ላበላሸው?» አለች። «ሐኪሙ ሲመጣ እወጣለሁ። እስተዚያ ንጹሕ ሆኖ ይቆየው።»

ማረው ሊሟገታት ፈለገ፤ ነገሩ ግን ልክ ሆኖ ታየው። የእንግዳውን አጎዛ ቤተሰብ አይተኛበትም። ሐኪሙም እንግዳ ነው። እሱም ከጎኗ መሬት ላይ ጋደም አለ።

እንዲህ ሆነው ጠበቁ። ጠዋት ጠዋት እማዋይሽ በክንዷ ተደግፋ ቀና ትልና ማንም ያልተኛበትን አንሶላ በመዳፏ ታስተካክላለች። ማረው በሩ ላይ ተቀምጦ ነጭ ካፖርት የለበሰ ባለፈ ቁጥር ብድግ ይላል። አንዱ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ስለ ከብቱ ያወራሉ፤ ጓያው ሜዳው ላይ በቅሎ እንደሆነ ያወራሉ። አንድ ጊዜ፣ ቤታቸው ያደሩት እንግዶች ሁሉ ቢመርቁ ኖሮ ይሄኔ ድና ነበር ብላ ቀለደች። ሳቀች፤ ሳቁ አደከማት። ቀኑ ሲገፋ ድምፅዋ አነሰ፤ ከንፈሯ ነጣ። «ምናልባት ቤቱ ጠፍቶት ይሆን?» አለችው። ማረው ሐኪም የሆነ ሰው ቤት አይጠፋውም አላት። ሥራ በዝቶበት እንጂ እንደሚመጣ እሱ አልተጠራጠረም። ትልቅ ሰው ይቆያል፤ የሚመጣበትን ሰዓት ሂዶ መጠየቅ ድፍረት መሰለው።

ድንቅነሽ ሐኪም እየጠበቁ መሆናቸውን ሰምታለች። ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ሐኪሙን እቤታቸው ድረስ እንደሚያስጠሩ ታውቃለችና ማረውን ድሃ መሳይ ባለጸጋ አድርጋ ቆጥራው ነበር። አንሶላ ልትቀይር በገባችበት ጠዋት ግን አልጋው እሷ እንዳነጠፈችው መሆኑን አየች። ከዚያ መሬት ላይ ያለችውን አየች።

የትኛው ሐኪም እንደሆነ ጠየቀችው። ማረው ጸሐፊው ያለውን ቃል ሳይዛነፍ ነገራት፤ በቃሉ ይዞት ነበርና።

«አያ ማረው» አለች ድንቅነሽ ቀስ ብላ፣ «አልጋ ይያዝላት ያለህ እኮ የነሱን አልጋ ነው። እዚያው ውስጥ ያለውን።»

ማረው እማዋይሽን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ሮጠ። ዳገቱን የወረደበትን አያስታውስም። ያ መስኮት እዚያው ነበር፤ ከጸሐፊው በስተቀኝ፣ በደህና ዓይን ለሚያየው ሰው ሁሉ ግልጽ ሆኖ። ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ሴትዮ ስሟን ጠየቀችው። እማዋይሽ አላት። ጻፈችና ካርድ ሰጠችው።

«አለቀ። አልጋ አለ፤ አምጧት» አለች።

«ያኔም ነበረ?» አለ ማረው። «ስንመጣ?»

ሴትዮዋ መቼ እንደመጡ አላወቀችም። የሴቶቹ ክፍል ግን ሰሞኑን ሞልቶ እንደማያውቅ ነገረችው። ነገሩ ይህን ያህል ነበር። ስም መናገር፣ ካርድ መቀበል።

ካርዱን እንደያዘ ሲመለስ ድንቅነሽ በሩ ላይ ቆማ አገኛት። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። እማዋይሽ እዚያው መሬት ላይ ነበረች፤ ዓይኗ ተከድኗል፤ ከበላይዋ አልጋው አንድ መጨማደድ ሳይኖርበት ተነጥፏል። «አልጋ ይዤላታለሁ» አለ ማረው ለድንቅነሽ፣ ካርዱን እየዘረጋ። ድንቅነሽ ካርዱን ተቀበለችና እጁን ይዛ አስቀመጠችው። ያለቀሰችው እሷ ናት። እማዋይሽ የተቀበረችውም ድንቅነሽ በምትስምበት ደብር ነው፤ ለአገሩ ባዳ ለሰው እንግዳ ሆና።

ወረታ ሲወርድ አውቶቡሱ ጋ የጠበቀው መንግሥቴ ነበር። ብቻውን መውረዱን ሲያይ ገባው፤ አቅፎት አለቀሰ። ከዚያ፣ መጽናኛ ፍለጋ ይሆናል፣ አልጋ ይዞላት እንደሆነ ጠየቀው። ማረው መያዙን ነገረው። መልካም አልጋ ነበር ወይ ሲለው፣ አንሶላው ነጭ መሆኑን ነገረው። የቀረውን እንዴት ብሎ ይናገረዋል? ከየት ጀምሮ?

ለቅሶው ሜዳው ላይ ሆነ። ውሃው ጎድሎ ጓያው አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ሬሳ ስለሌለ ቀሚሷን ዘርግተው አለቀሱላት። ማረውን የእንግዳውን አጎዛ አንጥፈው አስቀመጡት። አልቃሿ ደብረወርቅ ደረቷን እየመታች ወደ መሐል ገባች፤ መንግሥቴ የነገራትን ይዛለች፤

«አዲስ አበባ ላይ አልጋ የያዘላት፣
እንደ ማረው ያለ ባል ምን አጎደለባት።
ነጭ ተነጥፎላት እንደ ወይዘሮ ልጅ፣
መሬት ሳይነካት ሄደች ወደ አምላክ ደጅ።»

ሕዝቡ «ወይኔ!» ብሎ ተቀበላት። ሴቶቹ እየዞሩ ማረውን አዩት፤ ስንቷ ናት እንዲህ የሚደረግላት ይላሉ። መሪጌታ ወልደ ሥላሴ እንኳ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ተይ እሱን» አለ ማረው።

ደብረወርቅ ትሕትና መሰላት። ሙሾውን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው፤ «መሬት ሳይነካት» የሚለው ላይ ሲደርሱ ሁሉም አብረዋት አሉት። ማረው ከአጎዛው ወርዶ መሬቱ ላይ ተቀመጠ። መንግሥቴ ጠጋ ብሎ ትከሻውን ያዘው።

«ወንድሜ፣ አንተ የቻልከውን አድርገሃል» አለው በጆሮው። «አልጋ ይዘህላታል።»

«ይዤላት ነበር» አለ ማረው።