ፔልቶ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል

1.

አይሆንም። ይሄም አይሆንም።

ፊደሉ ያምራል፣ ፍጥነቱ ግሩም ነው፣ ስህተቴን ገና ሳልሠራው በቀይ ያሰምርበታል። ሰው ግን የለበትም።

አጠፋሁት። ዘጠነኛው ነው።

2.

አንባቢ ሆይ... አይ፣ «ሆይ» ይቅር፣ ሰባኪ አስመሰለኝ። ስሙኝማ።

ፀዳለ እባላለሁ። አዳማ ተቀምጬ ኮድ እጽፋለሁ። ኮድ የሚጻፍበት ፕሮግራም አለ፤ የኔው ፔልቶ ይባላል። ስምንት ዓመት ሙሉ ከሱ ሌላ አልነካሁም። ባለፈው ወር ባለቤቶቹ ደብዳቤ ላኩልን፦ «ፔልቶ ሐሙስ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ለዘለቄታው ይዘጋል። አብራችሁን ስለቆያችሁ እናመሰግናለን።»

ለቅሶ የደረስናቸው ይመስል።

3. (ቅጽ)

የሚፈለግ፦ በፔልቶ ምትክ የሚሆን ኮድ መጻፊያ።
ፍጥነት፦ ግድ የለኝም።
መልክ፦ ግድ የለኝም።
የግድ ሊኖረው የሚገባ፦ ይድነቃቸው።

(የመጨረሻውን መስመር ሦስት ጊዜ ሰርዤ ሦስት ጊዜ መለስኩት። ይቆይ።)

4.

ይድነቃቸው የአውቶቡስ መናኸሪያውን የትኬት ፕሮግራም አብሮኝ የጻፈ ሰው ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ስድስት ዓመት። እሱ ሲጽፍ እኔ እነቅፋለሁ፤ እኔ ስጽፍ እሱ ዝም ብሎ ያያል። ያ ዝምታው እንዴት ያናድደኝ ነበር! ከሁለት ዓመት በፊት ድሬዳዋ ሥራ አገኘ። ሊሄድ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ቆሞ የተባባልነው፣ ቃል በቃል፣ ይኸው፦

ይድነቃቸው፦ ፀዲ፣ ልቅር እንዴ?
እኔ፦ እኔ ምን አውቃለሁ? የራስህ ጉዳይ ነው።
ይድነቃቸው፦ እንዲያው ልጠይቅሽ ብዬ ነው።
እኔ፦ ሂድ ሂድ፣ መኪናው እንዳያመልጥህ።

ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

5.

ከዚያ ወዲህ ስልክ አልተደዋወልንም። እኔን ኩራቴ ያዘኝ፣ እሱን ዝምታው።

ግን የትኬቱን ፕሮግራም አሁንም አብረን ነው የምንንከባከበው። ፔልቶ ውስጥ ሁለት ሰው አንድ ፋይል ላይ ሲገባ የየራሱ ጠቋሚ በቀለም ይታያል። የኔ ብርቱካናማ ናት፣ የሱ አረንጓዴ። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይገባል። ቀጭኗ አረንጓዴ መስመር ብልጭ ድርግም እያለች ከላይ ጀምራ ወደ ታች ትወርዳለች። አንብቦ ይወጣል። ቢበዛ ግማሽ ሰዓት።

ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቃት ያቺን ግማሽ ሰዓት ነው።

6.

ልናዘዝ።

ረቡዕ ረቡዕ ሆን ብዬ አንድ ትንሽ ስህተት እተውለታለሁ። ማንንም የማትጎዳ፤ ሁለቴ የተጻፈች መስመር፣ ወይም ትርፍ ባዶ ቦታ። ሐሙስ አረንጓዴዋ እዚያ ስትደርስ ቆም ትላለች። ያጠፋታል። አጥፍቶም ወዲያው አይሄድም፣ ትንሽ ይቆያል።

ያቺን ትንሽ የሚቆየው ለኔ ነው እላለሁ። ሞኝ በሉኝ።

7.

«ታዲያ አዲሱ ላይ አትጠሪውም?» ልትሉኝ ነው። አውቃችኋለሁ።

ያየኋቸው ዘጠኙም አንድ ሣጥን አላቸው፦ የሚጋብዙትን ሰው ስም ያስገቡ። ፔልቶ ላይ እኔና እሱ አልተጋበዝንም፤ ድሮውኑ አብረን ነበርን። አዲሱ ላይ ግን ስሙን ጽፌ ቁልፉን ልጫን ነው። ያ ማለት እኔ ፀዳለ፣ ሂድ ሂድ ያልኩትን ሰውዬ ና አልኩት ማለት ነው።

ባይመጣስ?

8. (ረቡዕ፣ ከሥራ መውጫ)

የመጨረሻዋን ስህተት ልተውለት ተቀመጥኩ። ትኬቱ ግርጌ ላይ «መልካም ጉዞ» የሚል ጽሑፍ አለ። እሱን አጠፋሁና በቦታው ይህን ጻፍኩ፦

ይድኔ፣ ያን ቀን አትሂድ ማለት ነበረብኝ። ናፍቀኸኛል።

ነገ ያየዋል፣ እንደልማዱ ያጠፋዋል፣ ከሁለታችን ሌላ የሚያውቅ የለም ብዬ አሰብኩ። አስቀመጥኩት። ቤቴ ገብቼ እንቅልፌን ለጠጥኩ።

9. (ሐሙስ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በስልክ)

እትዬ አፀደ (ትኬት ቆራጯ)፦ አንቺ ፀዳለ፣ ይድኔ ማነው?
እኔ፦ ምን አሉኝ?
እትዬ አፀደ፦ ትኬቱ ላይ ነዋ! ከንጋት ጀምሮ የተሳፈረው ሁሉ ይዞት ሄደ። አንድ ሽማግሌማ «የኔ ልጅ፣ ማን ናፈቀሽ?» አሉኝ፣ እኔ የጻፍኩት መስሏቸው።
እኔ፦ ጉዴ ፈላ!

(እዚህ ላይ ለእናንተ፦ ፔልቶ ላይ የተቀመጠ ነገር ሁሉ በቀጥታ መናኸሪያው ማተሚያ ላይ ይወጣል። እንዲያ እንዲሆን ያደረግነው እኔና ይድነቃቸው ነን። «ሳትፈትሹ በቀጥታ አትልቀቁ» እያልን ስንቱን አስተምረናል። ስምንት ዓመት የማውቀውን ነገር በአንዲት መስመር ረሳሁት።)

እኔ፦ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ። ይቅርታ፣ እትዬ።
እትዬ አፀደ፦ ቆይ እስቲ። እውነትሽን ነው?
እኔ፦ ምኑ?
እትዬ አፀደ፦ የጻፍሽው።
እኔ፦ ...አዎ።
እትዬ አፀደ፦ ታዲያ ምን አጣደፈሽ? ትኬቱ እንደሆነ ሰው ማሳፈሩን አልተወም።

10.

አላጠፋሁትም።

ሦስት ሰዓት ሆነ። ይድነቃቸው አልገባም።

አራት ሰዓት። አልገባም። አውቶቡሶቹ እየሞሉ ይወጣሉ፣ አገር ምድሩ ናፍቆቴን በኪሱ ይዞ ይሄዳል፣ እሱ አልገባም።

አምስት ተኩል።

አምስት ሰዓት ከሃምሳ።

11.

አረንጓዴ።

12.

ዛሬ ከላይ አልጀመረም። በቀጥታ ግርጌው ላይ ወረደ። መስመሬ ላይ ቆመ። እጄን ከኪቦርዱ ላይ አንስቼ ጉልበቴ ላይ አደረግኩት።

ማጥፋት ጀመረ። ከኋላ ወደ ፊት፣ አንድ በአንድ። «ናፍቀኸኛል» ሄደ። «ነበረብኝ» ሄደ። «አትሂድ» ሄደ። የራሱም ስም ሄደ። ምንም አልቀረም።

በቃ አልኩ። ስህተት ነበር፣ አረመው። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

ባዶው መስመር ላይ ቆየ። ከሁልጊዜው ይበልጥ ቆየ። ከዚያ አንዲት ፊደል ወጣች፦

ፀ

የኔ ገጽ ነጣ። ከሰዓቱ ሁለት ደቂቃ ቀድመው ዘጉብኝ። በሱ በኩልም ተዘግቶበት እንደሆነ፣ ጽፎ ጨርሶ አስቀምጦት እንደሆነ፣ አላውቅም።

13.

ወደ መናኸሪያው ሲስተም የምገባው በፔልቶ በኩል ብቻ ነበር፤ አዲሱ ፈቃድ የሚሰጠኝ ሰኞ ነው። ለሱ ብደውል እኮ ያልቃል፣ አውቃለሁ፣ አትጩሁብኝ። ስልኩን አነሳሁ፣ ቁጥሩን አወጣሁ፣ ጣቴ እምቢ አለኝ።

የደወልኩት ለእትዬ አፀደ ነው።

14.

እኔ፦ እትዬ፣ አንድ ትኬት ያትሙልኝ።
እትዬ አፀደ፦ ወዴት?
እኔ፦ የትም ይሁን።
እትዬ አፀደ፦ ድሬዳዋ አድርጌዋለሁ።
እኔ፦ ግርጌው ምን ይላል?
እትዬ አፀደ፦ ቆይ መነጽሬን... የጠዋቱ አይደለም። «መልካም ጉዞ»ም አይደለም።
እኔ፦ ያንብቡልኝ።
እትዬ አፀደ፦ ቁጭ ብለሻል?
እኔ፦ ቆሜያለሁ። ያንብቡት በፈጠረዎት!
እትዬ አፀደ፦ «ፀዲ፣ ልምጣ እንዴ?»