ጡሩምባ የተነፋለት መጽሐፍ

ሰማኸኝ ይመር ልብ ወለዱን ካሳተመ ሁለት ወር ከአሥር ቀን ሆነው። እስካሁን ያነበበለት ሰው የለም። የገዙትስ አሥራ አንድ ናቸው፤ ግን የገዛ ሁሉ አያነብም። አንዱ ገዢ የጎረቤቱ ሥጋ ሻጭ ሲሆን፣ መጽሐፉን ለሚዛኑ እግር መደገፊያ ሲያደርገው ሰማኸኝ በዓይኑ አይቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዚያ ቤት ሥጋ አልገዛም። ነገሩ ድሮም ብዙ አይገዛም ነበር።

ሰማኸኝ ነቀምቴ ከተማ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነው። ትምህርቱ እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ያቆመበትን ቀንም አይረሳም። የአማርኛ አስተማሪው ጋሽ ተረፈ ድርሰቱን ለክፍሉ ጮክ ብለው አነበቡና፣ «እዩልኝ፣ ከእርዳታ ስንዴ ጋር ተጭኖ የመጣ ደራሲ!» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ከመጡት ሰፋሪዎች አንዱ ነበር። በነጋታው ደብተሩን ጣለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጨርቅ ሲቀድ የኖረው ያንን ሳቅ እያላመጠ ነው።

«የይመር መንገድ» የሚለውን መጽሐፍ ለማሳተም ከሁለቱ የስፌት መኪናዎቹ ደህናውን ሸጠ። አልበቃም። ሚስቱ አገኘሁሽ አኖ ከተማ እናቷ ዘንድ ያስቀመጠቻት የምትታለብ ላም ነበረቻት፤ ላሟም ተሸጠች። የአዲስ አበባው ማተሚያ ቤት ሰውዬ ሁለት ጊዜ ደወለ፤ ሁለቱንም ጊዜ ወሬው አንድ ነው፤ «ወረቀት ጨምሯል።» በመጨረሻ አምስት መቶ ቅጂ በሃያ ጥቅል ታስሮ በጭነት መኪና መጣና አልጋና ግድግዳው መሃል ተደረደረ። አገኘሁሽ ሌሊት ስትነሳ በጎን ካልሆነ አታልፍም።

«እንግዲህ ላሜ እዚህ ናት» ትላለች ጥቅሉን በእግሯ ነካ አድርጋ። «እስቲ እለባት።»

መሸጥማ ሞከረ። የመጻሕፍት ሱቅ ያላት ሲና አሥር ቅጂ በአደራ ተቀብላ ከፈተና መለማመጃዎቹ ኋላ ሻጠችለት።

«ጋሼ፣ ስምዎ አይታወቅማ» አለችው።

«ካልተነበበ በምን ይታወቃል?»

«እሱስ እውነትዎን ነው። ካልታወቀ ደግሞ አይነበብም።»

አርጆ ገበያ ወረደ። አንዲት በርበሬ ሻጭ መጽሐፉን አገላብጣ የወረቀቱን ውፍረት በጣቷ ፈተሸችና «ሲቀደድ በአንድ ገጽ ስንት ማንኪያ ይይዛል?» አለችው። በድምፅ ማጉያ መኪና ላስነግር ቢል የአንድ ቀኑ ኪራይ የሁለት ሳምንት ገቢው ሆነ። በመጨረሻ አዳራሽ ተከራይቶ ምርቃት ጠራ። ሰማንያ መጥሪያ በትኖ፣ የጋሽ ተረፈን በገዛ እጁ አደረሰ። ሰባት ሰው መጣ፤ ከሰባቱ ሁለቱ የአዳራሹ ጥበቃዎች ናቸው። ሌላው ሰፈር ሁሉ የት ሄደ ቢባል ለቅሶ ላይ ነው። የአንዷ ጎረቤት አክስት ጊምቢ ላይ አርፋ መርዶው የደረሰው በዚያው ቀን ነበር። አክስቲቱን ከለቀስተኛው አንድም የሚያውቃት የለም። ቢሆንም ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ውጭ ቆሞ ነበር።

ሰማኸኝ ባዶ ወንበሮቹን እያየ ሐሳብ መጣለት። ይህ ሕዝብ ለቆመ ሰው አይመጣም። ለሞተ ይመጣል።

በሚቀጥለው ዓርብ አገኘሁሽ እናቷን ልትጠይቅ አኖ ሄደች። ቅዳሜ ገና ወፍ ሲንጫጫ ሰማኸኝ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ጂሩ ደጅ ቆመ። ጂሩ ሽማግሌ ነው፤ እሱ ጡሩምባ ይዞ ካልወጣ በዚያ ሰፈር የሞተ ሰው የለም።

«አካም ቡልቴ፣ ኦቦ ሰማኸኝ? በደህና ነው?»

«መርዶ ነው ጂሩ። አባቴ።»

«ዋዮ! የወሎው?»

«አዎ።»

ጂሩ መቼ ብሎ አልጠየቀም። መርዶ የመጣበትን ሰው መቼ ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ? ሰማኸኝም ልቡን «አልዋሸሁም» አለው። አባቱ ይመር በእርግጥ ሞቷል። ወደ ወለጋ ሲመጡ መንገድ ላይ ሞቶ አውቶቡሱ ስለማይጠብቅ ከመንገዱ ዳር ቀብረውት ሄዱ። ያለቀሰለት የለም። የስምንት ዓመት ልጁ ሰማኸኝ እንኳ በመስኮት ሲያይ ብስኩት ይበላ ነበር። መጽሐፉ ይኸው ነው።

ጡሩምባው ተነፋ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ድንኳን ቆመ፣ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ንፍሮ ይዘው ገቡ። ሰማኸኝ በጠረጴዛ ላይ ስልሳ መጽሐፍ ደርድሮ አጠገቡ ቆመ። «የአባቴ ታሪክ ነው» ይላል ዓይኑን ሰብሮ። ሰዎቹ መጽሐፉን የሟች ፎቶ እንደሚያዩ እያዩ ራሳቸውን ነቅንቀው ያልፋሉ።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ተረፈ ናቸው፤ አርጅተው ከዘራ ይዘዋል። መጥተው ጨበጡት፤ «ያጽናህ ልጄ» አሉ። ከዚያ አንዱን መጽሐፍ አንስተው ተቀመጡና መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

ሰማኸኝ ሌላውን ለቀስተኛ ትቶ እሳቸውን ያይ ጀመር። ሽማግሌው የመጀመሪያውን ገጽ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ገለጡ። ሁለተኛውንም አነበቡ። አንዴ ቆም ብለው ወደ ኋላ ተመለሱና አንድ መስመር ደገሙ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ያያል። የትኛው መስመር ይሆን? የአውቶቡሱ ይሆን፣ የብስኩቱ? ሦስተኛውን ገለጡ።

በዚህ መሃል ከመንገዱ ጩኸት ተሰማ።

አገኘሁሽ ናት። ከአኖ የመጣችበት ሚኒባስ መናኸሪያ ሲያወርዳት ባጃጅ ይዛ መጣች፤ ከሩቅ ድንኳኑን በገዛ ደጇ ተተክሎ አየች። በዚያ ቤት ሁለት ሰው ነው የሚኖር፤ አንዷ እሷ ናት። ከባጃጁ ሳይቆም ዘለለች። ጫማዋን ጥላ፣ ፊቷን እየቧጨረች፣ «ሰማኸኝዬ! ወንድሜ! ሳላይህ! ኧረ ምነው ሳልሰናበትህ!» እያለች ድንኳኑ ውስጥ በጉልበቷ ወደቀች። ሴቶቹ ደንግጠው ያዟት።

«ኧረ እሱ አይደለም አገኘሁሽ! ተይ! ያውልሽ ቆሞ!»

ቀና ብላ አየችው። ከግንባሯ ደም ይወርዳል።

«ታዲያ ማን ነው?»

«አባቱ ናቸው እኮ። አማትሽ።»

«አማቴ?» አለች። «አማቴማ በሰባ ሰባት ነው የሞቱ!»

 ከሴቶቹ አንዷ ያመጣችውን የንፍሮ ድስት ከመሬት አነሳች። ጂሩ ከበር ላይ ጡሩምባውን ከብብቱ አውጥቶ እድፍ የነካው ያህል መንፊያውን በኩታው ጠረገ። ጋሽ ተረፈ መነጽራቸውን አወለቁ፤ መጽሐፉን ከፍተው እንደያዙት በወንበሩ ላይ በደረቱ ደፉት።

«ጋሽ ተረፈ፣ ጥቂት ነው የቀረዎ» አላቸው ሰማኸኝ። «ምዕራፉን ብቻ ይጨርሱት።»

«ድንኳኑን አንሱ» አሉ ሽማግሌው። ለእሱ ሳይሆን ድንኳኑን ለተከሉት የሰፈር ልጆች ነው።

ማክሰኞ የእድሩ ጉባኤ ተቀመጠ። በሐሰት ጡሩምባ ያስነፋ ከነቤተሰቡ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ደንቡ ይህ ነው። ከቤተሰቡ እንደገና መግባት የሚሻ ለብቻው ቤት ይዞ ለብቻው ይመዘገባል።

ሰማኸኝ ይቅርታ ሊጠይቅ እድሩ ጽሕፈት ቤት ሲደርስ አገኘሁሽ ቀድማው ከጋሽ ተረፈ ጠረጴዛ ፊት ቆማ ነበር። ግንባሯ ላይ ፋሻ አለ። ጓዟን በጆንያ አስራ ከበሩ አኑራዋለች።

«ለብቻሽ ነው የምትመዘገቢ?» አሉ ሽማግሌው።

«እኔን የሚቀብረኝ ያስፈልገኛል ጋሽዬ።»

«ባለቤትሽንስ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ከበሩ የቆመውን ባሏን አይታዋለች። ዞር አላለችም።

«ቅዳሜ አልቅሼለት ጨርሻለሁ» አለች። «እንደዚያው አድርገው ይጻፉልኝ።»

ጋሽ ተረፈ እስክሪብቷቸውን በወረቀቱ ጠርዝ ሞከሩና መጻፍ ጀመሩ።