የእናት አውፍታ

አዴ ዘይና ከደጅ ጀምራ እያለቀሰች ገባች። የሪሀናን አንገት አቅፋ ደህና አድርጋ ካለቀሰች በኋላ ፍራሹ ላይ ቁጭ ብላ፣ እንባዋን በሻርፗ ጫፍ ጠርጋ፣ አጠገቧ ያለችውን ሴት የዘንድሮ በቆሎ ስንት እንደገባ ጠየቀቻት። አይፈረድባትም። ለጎረቤቷ ለፋጡሜ የሚለቀሰውን በጊዜው አልቅሳ ጨርሳዋለች። አሁን የምታለቅሰው ለሟች ልጅ ለሪሀና ነው፤ ከጂዳ መጥታ መርዶዋን ትናንት ጎህ ሲቀድ ለሰማችው። በከሚሴ የሩቅ ልጅ ሲረዳ ለቅሶው እንደ አዲስ ይከፈታል፤ ጎረቤትም የደረቀ ዓይኑን አሽቶ ይመጣል።

የሪሀና ለቅሶ ግን ልክ ነበረው። ሴቶቹ «ውጭ አገር ልቧን አደነደነው» ተባባሉ። አልደነደነም፤ የያዘችው መጽናኛ ነበራት። እናቷ ሳትሞት ቂሟን ትታ አውፍ ብላታለች።

ነገሩ የስድስት ዓመት ነው። ፋጡሜ ከጨፋ ሮቢት ሽማግሌ ተቀብላ፣ ልጇን ልትድር ቃል ሰጥታ ቀን ስትቆርጥ፣ ሪሀና ጂዳ ላይ ሷሊህ የሚባል የመናዊ ዳቦ ጋጋሪ አገባች። እናት ሰው ፊት አፈረች። «እስክሞት የሷን እህል አልቀምስም» ብላ ማለች፤ ስትምል ደግሞ ቀልድ አታውቅም። ከጂዳ የተላከ ቴምር በር ላይ ለለማኝ ይታደል ነበር፤ ለማኝ ከጠፋ ለበግ።

ሪሀናም ተስፋ አትቆርጥም። በየበዓሉ የባሏን ዘመዶች ሰብስባ፣ ማዕዱን በስልኳ ቀርጻ ትልካለች። መጀመሪያ ሰሞን የአማቷን የአብሽ ወጥ ቀምሳ ፊቷን ስታጨማድድ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ሲስቅባት፤ በኋላ በኋላ ማር የጠጣውን ድርብርብ ቂጣ ራሷ ጋግራ ልጆቿን ስታጎርስ። ሁልጊዜም መጨረሻ ላይ አንዲት ጉርሻ ወደ ስልኩ አስጠግታ «እማ፣ ቅመሽልኝ፤ አውፍም በይኝ» ትላለች። መልስ አይመጣም። የዘንድሮ አረፋ በዋለ በሦስተኛው ቀን ግን ከእናቷ ስልክ ጽሑፍ መጣላት፦ «ልጄ፣ ምግብሽን አየሁት፣ አማረኝ። አውፍ ብየሻለሁ። ልጆችሽን ሳሚልኝ።» ፋጡሜ ፊደል አትቆጥርም፤ ሪሀና ታናሽ እህቷ ሙና እንደጻፈችላት ገባት። በማግስቱ ሷሊህ በግ አረደ፣ ጎረቤት ተጠራ፣ ሪሀና እልል አለች። እሱንም ቀርጻ ላከች።

ከዚያ ወንድሟ በድሩ «እማ አሟታል፣ ነይ» ብሎ ደወለ። ስትደርስ ጎረቤት ቤት አሳደሯት፤ ንጋት ላይ ሽማግሌዎች ከበው አረዷት። ባለፈው ሐሙስ ነው ያረፈችው አሏት።

አዴ ዘይና የበቆሎውን ወሬ ስትጨርስ ማጽናናት እንዳለባት ትዝ አላት።

«ኦብሲ ልጄ፣ ቻይው። አላህ ደግ ቀን መርጦላታል። የአረፋ ዋዜማ፣ ጾመኛ ሁሉ ሰግዶባት ነው የተቀበረች።»

«ሐሙስ ነው ያረፈችው» አለች ሪሀና፣ የተሳሳተች መስሏት።

«የምን ሐሙስ? አረፋን እዚሁ ድንኳን ውስጥ አይደል የዋልነው? ለበዓሉ የገዛችው በግ እንኳ ለለቅሶኛ ታረደ።»

አንዷ በክርኗ ጎሰመቻት። አዴ ዘይና አፏን ያዘች፤ ወጥቷል።

ሪሀና በጣቶቿ ቆጠረች። ዋዜማ፣ አንደኛው ቀን፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ያ ጽሑፍ ሲደርሳት እናቷ ሦስት ሌሊት መቃብር አድራለች። እሷ እልል ስትል አራት።

ሙናን ጓሮ የለቅሶኛ ሰሃን ስታጥብ አገኘቻት። ማን እንደጻፈው ስትጠይቃት ሙና ቀና አላለችም፤ እጇን ከሳሙናው ሳታወጣ ነገረቻት። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በበዓል ደግሞ ጭራሽ፤ በድሩም ትኬት እስኪቆረጥ ምንም እንዳትሰማ ብሎ አዟል። ሪሀና ግን መላኳን አልተወችም። ያንን የአረፋ ማዕድ ቪዲዮ ሙና በእናቷ ስልክ ላይ ሳታስበው ነካችው፣ የእህቷ ሳቅ ለቅሶኛ መሐል ጮኸ። በድሩ የሆነ ነገር ጽፈሽ ዝም አሰኚያት አላት። እሷም ጻፈች።

«ስለኔ መጨረሻ ምን አለች?»

«ተይኝ፣ እታለም።»

«ሙና።»

«የረመዳኑን ኢድ አሳይቻት ነበር። ልጆችሽንም አየች። ከዚያ ስልኩን ገፋ አድርጋ፣ ‹የፈለገችውን በልታለች፤ የኔ አውፍታ ምን ይጨምርላታል› አለች። ሌላ ቃል አልወጣትም።»

ሪሀና እህቷን ጠላቻት። ስለ ውሸቱ ሳይሆን ውሸቱን ስለነጠቀቻት።

ከዐስር ሶላት በኋላ ሰው ለዱዓ ድንኳኑ ውስጥ ተሰበሰበ፤ ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ። ሼህ ኑርሁሴን ደግ ሰው ናቸው። ሪሀና ያወራችውን የአውፍታ ወሬ እንደ ሰፈሩ ሁሉ ሰምተዋል፤ ልጅቱን ሊያጽናኑ ፈለጉ።

«ያ አላህ፣ ፋጡሜ ልጇን አውፍ እንዳለቻት፣ አንተም እንደዚያው አውፍ በላት።»

«አሚን» አለ ድንኳኑ።

የሪሀና እጆች ተዘርግተው ነበር። እንደዚያው። ለእናቷ የተለመነላት ሪሀና ያገኘችውን ያህል ነው፤ ያገኘችው ደግሞ ባዶ ነው። መልስ ያጡት ስድስት ዓመታት ሁሉ መጡባት፤ በልቧ «ይሁንላት» አለች። ይሁንላት፣ ትቅመሰው። ወዲያው የእናቷ ብቻዋን አፈር ውስጥ መተኛት ታሰባት።

«ሼሃችን፣ እንደሱ አይበሉ።»

ሴት ዱዓ አታቋርጥም። በድሩ ዞሮ አፈጠጠባት፤ ሙና ቀሚሷን ጎተተቻት።

«እኔን አውፍ አላለችኝም። ያ ጽሑፍ ከተቀበረች በኋላ የተጻፈ ነው። በኔ አይለኩባት፣ እንዲያው አውፍ በላት ይበሉልኝ።»

ወሬው ሳይመሽ ጨፋ ሮቢት እንደሚደርስ፣ የእናት አውፍታ ያጣች እየተባለች እንደምትኖር ሪሀና ታውቃለች። ሼሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሌላው ሰው እጁን እንዳጠፈ ነበር፤ እሷ መዳፎቿን አጋጥማ እንደገና ዘረጋችና ዱዓውን ጠበቀች።