ለአርባ አንድ ቁጥር ጥድ የተከፈለ እግር

ኦርቪል ሃልቨርሰን በሰው እጅ የሚያምን ሰው አልነበረም። በሰሜን አይዳሆ ተራሮች ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ነጭ ጥድ ሲያዳቅል ኖሯል፤ የዛፍ አበባ የምትሸፍን አንዲት ከረጢት እንኳ ሌላ ሰው ካሰረለት ተመልሶ ዛፉ ላይ ይወጣና ፈትቶ እንደገና ያስራል። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል? ሠራተኞቹ በፊቱ "ጠንቃቃ" ይሉታል። ከኋላው የሚሉትን ተዉት።

በአንድ ሰኔ ለማዳቀል የቀረችው አንዲት ዛፍ ነበረች። ዋግ የተባለው የዛፍ በሽታ የአካባቢውን ጥድ ሲፈጅ እሷን አልነካትም፤ ቁጥሯ አርባ አንድ ነው። ግን ጥንዚዛ ቅርፊቷን ይሰረስራት ስለነበር ከሁለት ዓመት በላይ እንደማትቆም ሁሉም ያውቃል። የምትዳቀልበት ወንዴ ብናኝ ደግሞ ዋግ ካልደፈረው ከሌላ ጥድ የተለቀመ ነበር፤ ያንን ቀድሞ እሳት በልቶታል። ከእሱ የተረፈችው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለች አንዲት የብናኝ ብልቃጥ ናት። ሁለቱ ከተዳቀሉ ዋግን የሚችል ዘር ይገኛል። ካልተዳቀሉ የኦርቪልን ዕድሜ ልክ ልፋት ውሃ በላው ማለት ነው።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ሴቴዎቹ አበቦች ሳይከፈቱ በከረጢት ይሸፈናሉ፤ ሲከፈቱ ብናኙ በመርፌ ወደ ከረጢቱ ይነፋል። ከዘገዩ ግን ነፋሱ ዋግን የማይችሉትን የመንገድ ዳር ጥዶች ብናኝ ያመጣና ቀድሞ ያዳቅላቸዋል።

የግራ እግሩ መዘዝ የመጣው እንግዲህ በዚያው ሳምንት ነው። የስኳር በሽታው እግሩን ካደነዘዘው ቆይቷል፤ ውስጥ እግሩ ላይ ያለው ቁስል አጥንት ድረስ ዘልቆ ተገኘ። አንዲት ሐኪም የተበላሸውን ቆርጣ ጠረገችና በጀሶ አሰረችው።

"አቶ ሃልቨርሰን፣ ስድስት ሳምንት እንዳይረግጡበት። የማያምዎት ስለዳነ አይደለም፤ ስለማይሰማዎት ነው።"

"ዛፍ ይጠብቀኛል።"

"ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። እርስዎ ደግሞ አሁን ያለዎት አንድ ነው" አለችው።

በማግስቱ ማሪቤል ኦቾዋ ቤቱ ድረስ መጣች። አሥራ አንድ ዓመት አብራው ሠርታለች፤ ዛፍ በመውጣት ከሱ ትፈጥናለች።

"ገመዱንና የማቀዝቀዣውን ቁልፍ ስጠኝ፣ ነገ ልውጣ" አለችው። "አበቦቹ ሊከፈቱ ነው።"

"ገና ቀን አላቸው።"

"የላቸውም፣ ኦርቪል። በእናትህ። አንተ ከታች ቁጭ ብለህ ስደበኝ፣ እኔ ልሥራ። ስድብህን እንደሆነ ለምጄዋለሁ።"

"አርባ አንድን ከእኔ ሌላ ማንም አይነካትም።"

"ስጣት እንጂ፣ አንተ ግትር" አለች ባለቤቱ ዶሪን ከጓዳ። አልሰጣትም። ማሪቤል ባዶ እጇን ተመለሰች።

ስምንት ቀን ሙሉ ሶፋው ላይ ሲቁነጠነጥ ከረመ። በዘጠነኛው ጠዋት ጀሶውን በቅርንጫፍ መጋዝ ቆረጠና ቡትስ ጫማውን አጥልቆ ወደ አርባ አንድ ሄደ። ማሪቤል ስትደርስ ዛፏ ላይ ሃያ ሜትር ከፍታ ተንጠልጥሏል።

"ተከፍተዋል?" አለችው ከታች ሆና።

ኦርቪል አየ። አበቦቹ ገርበብ ብለዋል፤ ቢጫ ብናኝም ውስጣቸው ገብቷል። ሠላሳ አራት ዓመት ያየ ዓይን እዚህ ላይ አይሳሳትም። ግን ስምንቱን ቀን ማን አባከነው ሊባል ነው?

"አልተከፈቱም" አለ።

ከረጢቶቹን አሰረ። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ወጣና ብልቃጧን አራግፎ ጨረሳት። ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ካልሲው በደም ርሷል፤ አንዳች አልተሰማውም ነበር። በሳምንቱ ትኩሳቱ ጸናና ሐኪሟ እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆረጠችው።

ይገርማል፣ አላዘነም። ሊጠይቀው ለመጣ ሰው ሁሉ "እግር ሄዶ ዘር ከመጣ ርካሽ ነው" ይል ነበር። እያለ እያለ ራሱም አመነው። አርባ አንድ በሁለተኛው መኸር ፍሬዋን አድርሳ ደረቀች። ከፍሬዋ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ችግኝ በቀለ።

ችግኞቹ ትንሽ ከፍ ሲሉ ቅጠላቸው ለምርመራ ተላከ፣ አባታቸው እንዲረጋገጥ። ማሪቤል ውጤቱን ይዛ ኦርቪል ካለበት ችግኝ ቤት መጣች። ወረቀቱን ሰጠችው። የብልቃጧ ልጅ አንድም የለም። ሁሉም የመንገድ ዳር ጥድ ልጆች ናቸው፤ ዋግ የሚጨርሳቸው።

ኦርቪል እስከ ታች አነበበና እንደገና ከላይ ጀመረ።

"ተከፍተው ነበር" አለ። "አይቻቸዋለሁ።"

"አውቃለሁ።"

"እግሬን ሰጠኋት፣ ማሪቤል። እግሬን ሰጥቼ በከንቱ ቀረሁ።"

የማሪቤል ዓይን እንባ ሞላ፤ ድምፅዋ ግን የቁጣ ነበር።

"እግርህን ማን ጠየቀህ?" አለችው። "እኔ የለመንኩህ ገመዱን ነው።"

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ችግኞቹን እስከ መጨረሻው ነቀሉ።