ሳሩ ላይ ተቀመጡ

ዛሬስ ማን ያጠጣቸዋል?

ሙቻኔታ የጠየቀችው ራሷን ነው። ምንጣፏ ላይ እንደተቀመጠች ጥቁር ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ በመስኮት የከተማቸውን የሙታሬን ሰማይ አየች። ደመና የሚባል የለም። ባሏ ቴንደካይ ሊሞት ሰሞን መናፈሻው ውስጥ የተከላቸው ችግኞች በዚህ ፀሐይ ምን ሆነው ይሆን?

ሩቫራሼ የሻይ ትሪ ይዛ አጠገቧ በርከክ አለች። የልጅ ልጇ ናት፤ አምና እዚያው መናፈሻ ተቀጥራ ከአያቷ ከቴንደካይ ጋር ትሠራ ነበር።

“አያቴ፣ የቧንቧውን መክፈቻ ስጪኝ።”

“ዝም በይ፣ ሰው ይሰማሻል።”

“በፒንሳ ሞከርኩት እኮ፣ እንቢ አለኝ። ቅጠላቸው መጠቅለል ጀምሯል።”

“የሞተ ሰው ዕቃ ነው፣ ልጄ። ዘመድ ተሰብስቦ ሳያከፋፍል አይነካም። አንቺን አንድ ነገር ቢያገኝሽ እኔ ምን ይውጠኛል?”

ልጅቷ ትሪዋን አንስታ ሄደች። አላፊ አግዳሚው ውሃውን ከፍቶ እንዳይሄድ ቴንደካይ የቧንቧዎቹን መክፈቻ ሁሉ ነቅሎ አንዱን ብረት ብቻ በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። ያ ብረት አሁን ከምንጣፉ ሥር ሆኖ የሙቻኔታን ጭን ይቆረቁራል። ከሞተ ጀምሮ ከዚያ ቦታ ፈቀቅ አላለችም።

ከግድግዳው ጥግ የጎረቤቷ፣ የፋራይ እናት፣ ሹክሹክታ መጣ። “ለሕዝብ ሳር ሲለፋ ኖሮ ለራሱ ምን አተረፈ? ጣሪያው እንኳ ያፈሳል።”

ሙቻኔታ ሰማች። ጣሪያው ማፍሰሱ እውነት ነው። ግን አንገቷ ቀና አለ።

ቴንደካይ በነጮቹ አገዛዝ ሲቀጠር መናፈሻው ጫፉ እንደ ጦር በሾለ ብረት የታጠረ ነበር። መሐሉ ኩሬ፣ ዙሪያው ጽጌረዳ፣ ወንበሮቹ ሁሉ ወደ ጽጌረዳው የዞሩ። ጥቁር ሰው ዶማ ካልያዘ አይገባም። የሱ ሥራ ማረምና ልጆችን ከሳሩ ላይ ማባረር ነበር። ነጻነት በመጣ ማግስት አጥሩን ራሱ ከጓደኞቹ ጋር ነቀለው፤ ብረቱን ግን አልጣለም። አስበየደና የዥዋዥዌ እግር አደረገው።

ያን ሰሞን ነው እሷን እጇን ይዞ ያስገባት። ወንበሩ አጠገብ ቆማ ዙሪያዋን ቃኘች፤ ማን መጥቶ ይጮህብኝ ይሆን ብላ።

“ተቀመጪ እንጂ፣” አላት። “ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ።”

ተቀመጠች። ግን ልጇ ከጀርባዋ ሲጫወት አንገቷ እስኪጣመም ስትዞር ዋለች። “ይሄ ወንበር ለአበባ ነው እንጂ ለእናት አልተሠራም። ያ ኩሬም አንድ ቀን ልጅ ይበላል፣” እያለች ማታ ማታ ነዘነዘችው። ከወራት በኋላ ወንበሮቹ ሁሉ ወደ ዥዋዥዌው ዞሩ። ኩሬው በአሸዋ ተሞላና የሕፃናት መጫወቻ ሆነ። ዝናብ በጠፋባቸው ዓመታት ደግሞ ጽጌረዳው ተነቅሎ ድርቅ የሚችሉ የአገር ዛፎች ገቡ። የመጨረሻዎቹን ችግኞች የተከለው ለአሸዋው ጥላ እንዲሆኑ ነው፤ “ሕፃናቱን ፀሐይ ጨረሳቸው” ብላው ነበርና። የከተማው እናቶች የሚቀመጡት በሷ ጭንቀት በዞሩ ወንበሮች ላይ መሆኑን ከነዚህ ለቀስተኞች ማን ያውቃል?

በሩ ላይ ሳቅ ተነሳ። የቴንደካይ የቀልድ ወዳጅ ጓቲ የሟቹን ኮፍያ ደፍቶ፣ ፊሽካውን ነፍቶ፣ እንደሱ አንድ እግሩን እየጎተተ ገባ። በአገሩ ወግ በለቅሶ ቤት ሟቹን እየመሰለ መቀለድ የሱ ሥራ ነው። የማይናገረው የለም፤ የሟቹንም ዕቃ ሳይከለከል የሚነካ እሱ ብቻ ነው።

“ከሳሩ ላይ ውረዱ፣ እናንተ ውሪዎች!” ብሎ በሽማግሌዎቹ ላይ ጮኸ። ወዲያው ድምፁን አለስልሶ፣ “የለም፣ የለም፣ ያ ድሮ ነው። ሳሩ ላይ ተቀመጡ። ምነው ትቆማላችሁ፣ ሳር ይነክሳል?” አለ። ሴቶቹ እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። ወደ ፋራይ እናት ዞረና፣ “አንቺ ደግሞ ሦስት ልጅ ያሳደግሽው በኔ ዥዋዥዌ ላይ ነው። ኪራዩ መቼ ነው?” አላት።

“ውይ ጓቲ፣ አፈር ብላ፣” አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ከዚያ ሙቻኔታ ፊት መጥቶ ቆመ። ሩቫራሼ ከጓዳው በር ሆና አያቷን አየቻት። ጓቲ ሁለቱንም አየ፤ ቀደም ሲል የተነጋገሩትን ከደጅ ሆኖ ሰምቶ ኖሯል። እጁን ዘረጋ።

“ሚስቴ፣ ብረቴ የታለ? ዛፎቼን ጠማቸው።”

ቤቱ በሳቅ አውካካ። ሙቻኔታ አልሳቀችም። ያ ኮፍያ፣ ያ የተዘረጋ መዳፍ። ሁልጊዜ ሲወጣ እንዲህ ነበር የሚጠይቃት፤ ሁልጊዜም የት እንደጣለው የምታውቀው እሷ ነበረች። ዳሌዋን ቀስ ብላ አነሳችና ብረቱን ከምንጣፉ ሥር አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠች። ሞቆ ነበር።

“አንቺ ልጅ፣” አለ ጓቲ በቴንደካይ ድምፅ። “ጉልበቴን አሞኛል። ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ሂጂልኝ።”

ሩቫራሼ ብረቱን በሁለት እጇ ተቀበለች። ሙቻኔታ ፀሐዩ፣ መንገዱ፣ መኪናው ልትል ነበር፤ ተወችው። ከትከሻዋ ላይ ኩታዋን አውርዳ ለልጅቷ ራስ መከለያ አደረገችላትና ጫፉን አገጯ ሥር አሰረችላት።

ሩቫራሼ ብረቱን ይዛ ወደ መናፈሻው ወጣች።